«ሀገር ስጪኝ»፦ መርፌ የሚፈራ የአምስት ዓመት ልጅ ጉዳይ

መነሻ

ይህ ጉዳይ የገጠመን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ልጁንም፣ ቤተሰቡንም፣ ጤና ጣቢያውንም በስም አልጠራም። ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችንም ትቻለሁ።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። መርፌ የሚፈራ ልጅን ስለማዘናጋት ሲወራ ወዲያው የሚነሳው ስልክ ነው። «ቪዲዮ ክፈቱለት» ይባላል፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። በዚህ ልጅ ላይ ስልኩ አልሠራም። የሠራው ከአያቱ አፍ የወጣ፣ ሳንቲም የማይወጣበት ጨዋታ ነው።

ልጁና ያመጣው ነገር

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። በግ ይጠብቃል፤ ማለትም ከታላቅ ወንድሙ ኋላ ኋላ ይላል። አንድ ማለዳ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ ባቱን ጫር አደረገው። ደም አልወጣም፣ ቆዳው ግን ተልጧል። ውሻው በጎቹንም ሲለክፍ ታይቶ ስለነበር የመንደሩ ሰው ገደለው።

እናቱ እግሩን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጠበችው። በዚህ ልትመሰገን ይገባል። ውሻ ሲነክስ ቅጠል ከመለጠፍ በፊት፣ ጤና ጣቢያ ከመሮጥም በፊት የሚደረገው ይኸው ነው፦ ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክትባቱ ምልክቱን መቅደም አለበት። ለልጁ የታዘዘለት ጡንቻ ላይ የሚሰጠው ነው፦ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን። በእሱ ዕድሜ ላሉት ክንድ ላይ፣ ለጨቅላዎቹ ጭን ላይ ይወጋል። መቀመጫ ላይ አይሰጥም።

እንግዲህ መርፌ የሚፈራ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ እዚያው ክፍል ሊመለስ ነው። አንዱ መርፌ የከፋ ትዝታ ከተወለት ቀጣዩ ይብሳል። ወላጅም ይሰለቻል። «ቁስሉ ደርቋል እኮ» ብሎ የሚቀር ቤተሰብ አለ። የልጁ ፍርሃት የቅብጠት ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የፍርሃቱ ሥር

የመጀመሪያውን ክትባት የወሰደው ሌላ ቦታ ነው። አባቱ ሲነግረን «አራት ሆነን ነው የያዝነው» አለ። ወደ ክፍሉ ያስገቡት «ክብደትህን ሊመዝኑህ ነው» ብለው ነበር። ውጤቱን እኛ ጋ አየነው። ልጁ ግቢው ውስጥ ከአባቱ ጀርባ አልወርድም አለ። ወርዶ ካርድ ክፍሉ አጠገብ ያለውን ሚዛን ሲያይ ደግሞ ጩኸቱን አቀለጠው። ከዚያ በፊት ሚዛን ፈርቶ አያውቅም። ውሸቱ አንድ ፍርሃት የነበረውን ሁለት አደረገው።

ከዚህ በፊትም በሳንባ ምች ታሞ በተከታታይ መርፌ ተወግቷል። ቤት ውስጥ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን ቤት መርፌ ማስፈራሪያ ነው። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ሲስተር ትወጋሃለች!» ይባላል። እኔ ራሴ ሚኒባስ ውስጥ ለማላውቀው ልጅ ማስፈራሪያ ሆኜ አውቃለሁ። እናትየው በጣቷ እያሳየችኝ ነበር። በዚህ መልክ ያደገ ልጅ ነጭ ጋዋን ሲያይ ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ስልኩ

በ3ኛው ቀን ይዞት የመጣው አባቱ ነው። እኛ ሳንነግረው ስልኩ ላይ የልጆች ካርቱን ጭኖ ነበር። ልጁም ስልኩን አቅፎ ገባ። ነገር ግን ሙሉ ልቡን አልሰጠውም። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ትሪው ላይ ነበር።

ክትባቱ ብልቃጥ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። በራሱ ፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በሲሪንጅ ይሳባል። ይህ ሁሉ የተደረገው ልጁ እያየ ነው። የብልቃጡ ክዳን ጠቅ አለ። የሲሪንጁ ማሸጊያ ተንኮሻኮሸ። ካርቱኑ ይጮሃል፣ ልጁ የሚያዳምጠው ግን ማሸጊያውን ነው። ቀጥሎ ሹራብ ማውለቅ መጣ። ደጋ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ልጁ ልብስ በልብስ ላይ ደርቧል። እጅጌው ሲጎተት ስልኩ ከእጁ ወጣ። አልኮል የነካው ጥጥ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጨርሶ ተወው። ያ ቅዝቃዜ ምን ተከትሎት እንደሚመጣ ያውቀዋል። ተወራጨ፣ በግድ ተያዘ፣ ተወጋ።

ስልክ ለማንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። ረጋ ላለ ልጅ ይበቃ ይሆናል። ችግሩ ቪዲዮ ከልጁ ምንም የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ልጁ ዞር ቢልም እሱ ይቀጥላል። መልስልኝ አይለውም። በፍርሃት የተወጠረ ልጅን ሐሳብ ይዞ የሚያቆይ ነገር ከልጁ ሥራ መጠየቅ አለበት።

የሳሙና አረፋ

ለ7ኛው ቀን ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ ክትባቱ ልጁ ከመግባቱ በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ተዘጋጀ። ይህ ወዲያው ለውጥ አመጣ። ልጁ ሲገባ የሚያየውም የሚሰማውም ነገር አልነበረም። ሁለተኛ፣ በኩባያ ውሃ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገን ስትሮ ሰጠነው፣ አረፋ እንዲነፋ። ረጅም ትንፋሽ ማውጣት ትከሻን ያላላል። ክንዱ የላላ ልጅ ደግሞ መርፌው ያን ያህል አይጠነክርበትም።

ነፋ፣ ደስም አለው። ሆኖም አንዱን ነፍቶ ሌላውን እስኪያዘጋጅ ባለው ክፍተት ዓይኑ ይቃብዛል። አረፋው ደግሞ ያጸዳነው ክንድ ላይ ሄዶ አረፈ። የሥራ ባልደረባዬ «ይሄማ አይሆንም፣ እንደገና ይጸዳ» አለች። ልክ ናት። እንደገና ማጽዳት ማለት ግን ያንን ቀዝቃዛ ጥጥ እንደገና ማምጣት ነው።

የዚያን ቀን አባቱ አውድማ ላይ ስለነበር ይዘውት የመጡት አያቱ ናቸው። ልጁን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ስለዚህ ገና መርፌው ሳይወጣ ጀመሩ፦ «አይዞህ የኔ ጌታ! አይዞህ፣ እኔን! አሁን ያልቃል፣ አይዞህ!» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ልጁ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ስትሮውን ጣለው።

ይህ በጥናትም የታየ ነገር ነው። ከመወጋቱ በፊት ደጋግሞ ማጽናናትና ይቅርታ መጠየቅ የልጁን ጭንቀት ይጨምራል፤ ስለ ሌላ ነገር ማውራትና ማሳቅ ይቀንሰዋል። ልጁ ምልክት የሚያነበው ከትልቁ ሰው ነው። አያቱ እንዲህ ከሆኑ አንድ ክፉ ነገር እየመጣ ነው ማለት ነው። ማጽናናቱ ከመርፌው በኋላ ቢሆን የት በደረሰ!

«ሁለተኛ አልመታውም»

ከዚያ መርፌ በኋላ ልጁ እያለቀሰ አንድ ነገር ተናገረ። «ሁለተኛ ውሻ በድንጋይ አልመታም። አሁን ትተዉኛላችሁ?»

ለካስ ውሻው ላይ ድንጋይ ወርውሮ ኖሯል። ቤት ሲገባም «ውሻ አትተናኮል አላልኩህም?» ተብሏል። ከዚያ መርፌ መጣ፣ ደግሞ መጣ። ልጁ ሁለቱን አገናኘ። መርፌው ቅጣት ነው ብሎ ያምን ነበር። እኛ ስለ ካርቱንና ስለ አረፋ ስንጨነቅ እሱ ምሕረት እየጠበቀ ነበር።

አያቱ ደነገጡ። «አንተ ምን አጠፋህ! ውሻው ነው እኮ የታመመው» አሉት። እኔም በሚገባው ቋንቋ ነገርኩት። ውሻው በሽታ ነበረበት፤ ይህ መርፌ የውሻው በሽታ አንተ ጋ እንዳይገባ በር የሚዘጋ ነው፤ ድንጋይ ባትወረውርም እንወጋህ ነበር። ብዙ አሰበና «በጎቹስ?» አለ። በጎቹን የእንስሳት ሐኪም ያያቸዋል አልነው። በዚህ ተስማማ።

ይህ ባይወጣ ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ዘዴም የሚሠራ አይመስለኝም። የሚቀጣ የመሰለውን ልጅ በጨዋታ ማዘናጋት አይቻልም። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምን እንደመጣህ ታውቃለህ?» ብዬ ነው። የሚሰጡት መልስ አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴ ሆድ ይበላል።

እንቆቅልሽ

ከክትባት በኋላ ለክትትል ትንሽ ይቆያሉ። ልጁ ውጭ አግዳሚው ላይ አያቱ ጎን ሆኖ ይነፋረቃል። አያቱ በመሃል «እንቆቅልህ!» አሉት። እየተንሰቀሰቀ «ምን አውቅልሽ!» አለ። ጥያቄው ሲመጣ ልቅሶው ቆመ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ማሰብ ጀመረ። ይህን በመስኮት ነው ያየነው።

ወጥቼ «እማማ፣ በሚቀጥለው ይህን ጨዋታ ከመርፌው በፊት ይጀምሩልን» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ይሄ እኮ የማታ ጨዋታ ነው ልጄ፣ በቀን ማን ይጫወታል?» በኋላ ግን እሺ አሉ። አንድ ነገር ደግሞ ለመንኳቸው፦ መርፌው ወጥቶ እስኪያልቅ «አይዞህ» እንዳይሉ።

በ14ኛው ቀን እውነቱን የነገርነው አግዳሚው ላይ ነው። «ዛሬ አንድ መርፌ አለ። ክንድህ ላይ ነው። የትኛው ይሁን?» ግራውን አሳየ። ቀኙን አለ። ተመልሶ ግራውን አለ። ጠበቅነው። «ያማል?» ሲለኝ «የሚሰማህን አንተ ትነግረኛለህ» አልኩት። «አያምም» አላልኩም። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ለቀጣዩ መርፌ አይታመንም።

እጅጌውን እዚያው ውጭ፣ በአያቱ ጋቢ ውስጥ እንዳለ አወጣን። ክፍል ውስጥ ልብስ ማውለቅ የሚባል ነገር ቀረ። ጥጡን በእጁ ይዞ ክንዱን ራሱ ጠረገ፣ እኛ ደገምንለት። አያቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እሱ ጭናቸው ላይ በጎኑ ዞሮ ተቀመጠ። አንድ እጁ በአያቱ ጀርባ ዞሯል፣ የሚወጋውን ክንድ እሳቸው በእቅፍ ይዘውታል። አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ከላይ መጫን ትልቅ ሰውንም ያስፈራል።

ጨዋታው ከውጭ ጀምሮ ስለነበር ሲገባ አልተቋረጠም። አሁን ተጠያቂዋ እኔ ሆንኩ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

ጤዛ መሆኗን ማን ያጣዋል! የእኔ ሥራ ግን ማወቅ አልነበረም። «ጥላ ናት?» አልኩ። «አይደለችም!» «ጭስ ናት?» «አይደለችም!» አላዋቂነቴ በጣም አስደሰተው። «እንግዲያው ሀገር ስጪኝ!»

«ደብረ ብርሃንን ሰጠሁህ።»

«አልፈልግም፣ ይበርዳል።»

«ሸዋ ሮቢትን ሰጠሁህ።»

ሸዋ ሮቢትን ያስብበት ጀመር። ባልደረባዬ በዚያች ቅጽበት ወጋችው። «ውይ!» አለ፣ ዞረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። አያቱ ግን ፋታ አልሰጡትም። «ሸዋ ሮቢትን ትወስዳለህ ወይስ ትተዋለህ?» ልጁ እየተነፋረቀ «እዚያ ምን አለ?» አለ። «ማንጎ አለ።» «እወስዳታለሁ።» ከዚያ በኩራት መልሷን ነገረኝ።

አመመው፣ አልቅሷልም። ነገር ግን በግድ የሚይዘው ሰው አላስፈለገም፣ ልቅሶውም በሀገር ድልድል መሃል አለቀ። መርፌው የገባው ልጁ መልስ ባለው ጥያቄ ላይ ሳይሆን መምረጥ ያለበት ነገር ላይ ሆኖ ሳለ ነው። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሆን ብለን እናደርገዋለን። ደግሞም አሸናፊው እሱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ሲደረግ የኖረ ልጅ ሀገር ተቀባይ ሆነ። አያቱም ሥራ ስላገኙ ፊታቸው ተረጋጋ። እውነቱን ለመናገር ከልጁ ይልቅ የተዘናጉት እሳቸው ናቸው፣ ግማሹን ሥራ የሠራውም እሱ ይመስለኛል።

የመጨረሻው መርፌ

በ28ኛው ቀን እኔ ተረኛ አልነበርኩም። የሆነውን የሰማሁት ከአያቱና ከተረኛው ነው። የገበያ ቀን ነበር፣ ሰው ተሰልፏል። ተረኛው ወጣት ነርስ ስለ ጨዋታው በደንብ አልተነገረውም። ልጁ የጤዛዋን ሲጠይቀው ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ «ጤዛ!» አለው። ጨዋታው እዚያው ሞተ። አያቱ በፍጥነት «በር የሌለው ነጭ ቤት» ብለው ሌላ አቀበሉት። «እንቁላል!» አለ ነርሱ አላስችል ብሎት። ልጁ ከንፈሩን ጣለ።

ያዳነው ራሱ ልጁ ነው። የራሱን ፈጠረ። «ቦቃ ናት፣ ቀንድ የላትም፣ ከሁሉ ኋላ ትመጣለች። ማን ናት?» የቤታቸው በግ ናት፣ ማን ሊያውቃት! ነርሱ ተሸነፈ፣ ሀገር ሰጠ፣ ወጋ። ያለቀሰው ከ7ኛው ቀን ያነሰ፣ ከ14ኛው ቀን የበለጠ ነው። ክትባቱ ግን ተሟላ።

ለሌሎች ልጆች ስንሞክረው

እንቆቅልሽ ለሁሉም አይሆንም። ለጨቅላ ጡትን የሚያህል የለም። በ14ኛው ሳምንት አንድ ሕፃን የፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምችና የፖሊዮ ክትባቶችን በሦስት መርፌ ይወስዳል። እናት አቅፋ እያጠባች ይሰጠዋል፣ ይበልጥ የሚያመው መጨረሻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ጡት ማጥባትን፣ ሕፃኑን ቀና አድርጎ ማቀፍን፣ የወላጅን አብሮ መሆንና ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ማዘናጋትን ደግፏል። የሚወጋውን ቦታ ማሸትንና ክትባቱን ማሞቅን ግን አልመከረም። ማሸት እኛ ጋ በጣም የተለመደ ስለሆነ ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም።

ከዚያ ከፍ ያሉት፣ የሁለት ዓመት ገደማ ልጆች፣ ሀገር ምን እንደሆነ አያውቁም። ለእነሱ የቁልፍ መንኮሻኮሽ፣ ዘፈን፣ እጅ ማጨብጨብ ይሻላል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ «ካላየሁ አልወጋም» አለች። ዓይኗን ሳትነቅል አየች፣ አላለቀሰችም። አንዳንዱን ልጅ በግድ ማዘናጋት ራሱ ማስፈራት ነው።

የመርፌው ዓይነትም ይለያል። ሩማቲክ በሚባለው ሕመም የልብ በራቸው (ቫልቭ) ለተጎዳ ልጆች በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ወፍራምና የሚያቃጥል ነው። እዚያ ላይ ጨዋታ ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ ስለ ማደንዘዣ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

በሌላ ጤና ጣቢያ ያለ ሰው ከዚህ ጉዳይ ምን ይውሰድ ብባል መጀመሪያ ጊዜውን ነው የምለው። ማዘናጋት የሚጀምረው አግዳሚው ላይ ነው። መርፌ ያየ ልጅ ፊት የሚጀመር ጨዋታ ዘግይቷል። መርፌው ከገባ በኋላም ወዲያው መቆም የለበትም። ዝግጅቱ ከዓይንና ከጆሮ ይራቅ፣ ልብሱ ውጭ ይላላ። የማይነካካው ነገር ደግሞ እውነቱ ነው። ልጁ እንደሚወጋ ያውቃል። ያንን ደብቀን የምናደርገው ጨዋታ እንደ ሚዛኑ ነው፤ ለአንድ ቀን ይሠራና ጨዋታውን ራሱን ያስጠላዋል።

ጨዋታውን ከሚመራው ሰው አንጻር ደግሞ ቤተሰቡ ይሻላል። እኛ ተራ እንቀያየራለን፣ እንቸኩላለን። አያት አትቀየርም። የእኛ ድርሻ መሸነፍ ነው። ለተረኛው በካርዱ ላይ «እንቆቅልሽ ይወዳል፣ አትመልሱለት» ብሎ መጻፍ የ28ኛውን ቀን ችግር ያስቀር ነበር። አሁን እንጽፋለን።

ያልተፈታው ወረፋው ነው። በገበያ ቀን የተሰለፈው ሰው «በመርፌ ክፍል ጨዋታ ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ያጉረመርማል። እውነት ለመናገር የሚታገል ልጅን መያዝ ከዚህ በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጭ የቆመ ሰው ግን ይህን አያይም። ሌላው ቋንቋ ነው። ከቆላው በኩል ኦሮምኛ የምትናገር እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ በእንቆቅልሻችን ምንም ማድረግ አልቻልንም። ምን እንደፈለግን በአስተርጓሚ ስንነግራት ግን «ሂቦ ነዋ!» ብላ የኦሮምኛውን እንቆቅልሽ በራሷ ጀመረችው። ልጇ ምን እንደጠየቀችን እስካሁን አላውቅም። ተሸንፈናል፣ ሀገር ሰጥተናል።